ራጅ ያልተያያዘበት የአጥንት ናሙና

«የጉልበት እብጠት፣ ዕጢ ይሆን?» መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው። ዕድሜ የለም፣ ቀኝ ይሁን ግራ አልተገለጸም፣ ራጅ አልተያያዘም። አብሮት የመጣው ዕቃ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሦስት ቁርጥራጮች ተኝተዋል። በአጥንት ፓቶሎጂ (ናሙናን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታውን መለየት) ትልልቆቹ ስህተቶች የሚወለዱት እዚህ ነው፤ ማይክሮስኮፑ የሚደርሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

የጡት ወይም የማኅፀን ጫፍ ናሙና ያለ ብዙ ታሪክም ራሱን ያስረዳል። አጥንት ግን ሲሰበርም፣ ሲመግልም፣ ዕጢ ሲያበቅልም የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ በጥድፊያ አዲስ አጥንት ይሠራል። ያንን የጥድፊያ አጥንት ለብቻው ያየ ሰው ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሊጽፍ ይችላል፤ ከሦስት ሁለት ጊዜ ደግሞ ይሳሳታል። የሚለያቸው ነገር በዙሪያው ነው ያለው፤ በታካሚው ዕድሜ፣ በቦታው፣ በራጁና ናሙናው በተያዘበት መንገድ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኤርነስት ኮድማን እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ የአጥንት ሳርኮማ (ከአጥንቱ ከራሱ የሚነሣ ካንሰር) መዝገብ ሲጀምር ስላይድ ብቻ አልሰበሰበም፤ የታካሚውን ታሪክና ራጁንም አብሮ ነበር የሚሰበስበው።

ቋንቋችንም ለመደናገሩ የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻውን ሲነገር ግን ብዙ ሰው ካንሰር ብሎ ይሰማዋል። እንግዲህ «የአጥንት ነቀርሳ አለብህ» የተባለ ሰው የትኛው እንደተነገረው በምን ይወቅ? አንዱ ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን ነው፤ ሌላው ኬሞቴራፒና ከባድ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። በሪፖርትም ሆነ ለቤተሰብ በሚነገር ቃል ቲቢውን ቲቢ፣ ካንሰሩን ካንሰር ማለት ይሻላል።

ዕድሜና ሰፈር

ረጅሙን አጥንት በሦስት ከፍላችሁ አስቡት። መገጣጠሚያው ጋ ያለው ጫፍ ኤፒፊሲስ፣ ቧንቧ የመሰለው መካከለኛው ክፍል ዳያፊሲስ፣ በሁለቱ መካከል እየሰፋ የሚሄደው ሜታፊሲስ ይባላል። ልጅ እስኪጎለምስ ድረስ ኤፒፊሲስንና ሜታፊሲስን አጥንቱን የሚያስረዝመው የዕድገት ልም አጥንት ይለያቸዋል፤ ዕድገት ሲያበቃ እሱም ይዘጋል።

ዕጢዎቹ ሰፈር ይመርጣሉ። ኦስቲዮሳርኮማ፣ ማለትም አጥንት የሚሠራው ካንሰር፣ አጥንት በፍጥነት በሚያድግበት ዕድሜና ቦታ ይወጣል፤ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ወጣት፣ በሜታፊሲስ፣ ግማሽ ያህሉም በጉልበት ዙሪያ። ከዚያ ቀጥሎ የሚታወቀው ቦታው ትከሻ አጠገብ ያለው የክንድ አጥንት ነው። ጃይንት ሴል ቱሞር ደግሞ የዕድገቱ ልም አጥንት እስኪዘጋ ይጠብቃል፤ በ20 እና በ45 ዓመት መካከል፣ ከጫፉ ተነሥቶ እስከ መገጣጠሚያው ድረስ ይገፋል። ያው ጫፍ ላይ፣ ግን ልም አጥንቱ ገና ክፍት በሆነ ልጅ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው ኮንድሮብላስቶማ ነው። የዩዊንግ ሳርኮማ የልጆችና የጎረምሶች ሲሆን ዳያፊሲስን፣ ዳሌንና ጎድንን ይወዳል። ከ40 ዓመት በላይ ግን ጨዋታው ይቀየራል። የአጥንት ካንሰር ያለበት አዋቂ፣ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰር ወይም መልቲፕል ማይሎማ የተባለው የመቅኒ ካንሰር ያለበት ሰው ነው። ጡት፣ ፕሮስቴት፣ ሳንባ፣ ኩላሊትና ታይሮይድ ወደ አጥንት በመላክ የታወቁት አምስቱ ናቸው። የ65 ዓመት ሰው ናሙና ላይ «ኦስቲዮሳርኮማ» ከመጻፋችሁ በፊት ከዓመታት በፊት በዚያ ቦታ የጨረር ሕክምና ወስዶ እንደሆነ ወይም አጥንትን እያወፈረ የሚያዛባው የፔጀት በሽታ እንዳለበት ጠይቁ።

ቦታ ምን ያህል እንደሚወስን የሚያሳየው ልም አጥንት የሚሠሩት ዕጢዎች ናቸው። ከጣት አጥንት የወጣ የልም አጥንት ዕጢ ሴሎቹ በዝተው፣ አንዳንዶቹም ባለ ሁለት ኒውክለስ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ የአጥንቱ ቅርፊት እስካልተበሳና ዕጢው ወደ ሥጋው እስካልወጣ ድረስ ኤንኮንድሮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ ዕጢ፣ ተብሎ ይለቀቃል፤ ተጠርጎ ያበቃል። ያንኑ ስላይድ፣ አንድ ሴል ሳይቀየር፣ «ከዳሌ» ብላችሁ ብትሰጡኝ ኮንድሮሳርኮማ፣ ማለትም የልም አጥንት ካንሰር፣ ነው የምለው፤ ሕክምናውም ሰፊ ቀዶ ጥገና ይሆናል፤ ኬሞቴራፒና ጨረር ለተለመደው ኮንድሮሳርኮማ እምብዛም አይረዱም። «ልም አጥንት ሠሪ ዕጢ» ብሎ አጥንቱን ሳይጠቅስ የተላከ ናሙና ስለዚህ መልስ የለውም። ለመልሱ የቸኮለ ቀዶ ሐኪም የአጥንቱን ስም ይጻፍ።

ከራጁ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፦ ዳርቻው፣ ውስጡና የአጥንቱ ሽፋን። ዳርቻው በቀጭን ነጭ መስመር የታጠረ ከሆነ ዝግተኛ ነው፤ የት እንደሚያበቃ የማይታወቅ ከሆነ ፈጣን። ውስጡ ቀለበትና ቅስት የመሰለ ነጭ ነጥብ ካለው ልም አጥንት፣ ደመና ከመሰለ ዕጢው የሠራው አጥንት፣ በጭስ የተሸፈነ መስታወት ከመሰለ ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ (አጥንቱ በጅማታም ሥጋ የሚተካበት ሕመም) ያስጠረጥራል። ሽፋኑ በድንገት ተገፍቶ ዳር ላይ ሦስት ማዕዘን ሲሠራ የኮድማን ማዕዘን ይባላል። ብዙ ተማሪ ይህን ማዕዘን ካየ ኦስቲዮሳርኮማ ብሎ ይዘጋል፤ ነገር ግን ሽፋኑን በፍጥነት የገፋ ነገር ሁሉ፣ መግልም ቢሆን፣ ሊያወጣው ይችላል።

ፊልሙን መላክ ካልተቻለ በስልክ የተነሣ ፎቶም ይበቃል፤ ሁለቱም አቅጣጫዎች፣ ቅርብ ያለው መገጣጠሚያ እንዳይቆረጥ፣ ፊልሙ መስኮት ላይ ሳይሆን የራጅ መብራት ላይ ተለጥፎ፣ ፍላሽ ጠፍቶ።

ቢላው የት ይግባ

ባዮፕሲ፣ ማለትም ናሙና መውሰድ፣ ቀላል ሥራ ስለሚመስል ለጀማሪ ይሰጣል። ችግሩ የባዮፕሲው መንገድ በሙሉ በዕጢ ሴል እንደተበከለ ስለሚቆጠር ዋናው ቀዶ ጥገና ሲደረግ አብሮ መቆረጥ አለበት። ስለዚህ ቁርጠቱ በእግሩ ወይም በክንዱ ርዝመት ልክ ይሁን፤ አግድም የተቆረጠ ቆዳ ኋላ እጅግ ሰፊ ሥጋ ያስወስዳል፣ አንዳንዴም መዳን የነበረበትን እግር ያሳጣል። መንገዱ በአንድ ጡንቻ ውስጥ ይለፍ፣ መገጣጠሚያውን አይክፈት፣ ከትልልቅ የደም ሥርና ነርቭ ይራቅ። የደም ማፍሰሻ ቱቦ ካስፈለገ በቁርጠቱ መስመር ላይ፣ ከጫፉ አጠገብ ይውጣ። ኤምአርአይ የሚሠራ ከሆነ ከባዮፕሲው በፊት ይሠራ፤ ከዚያ በኋላ ያለው እብጠትና ደም ምስሉን ያደናግራል።

ናሙናው ከየት ይወሰድ? ዕጢው አጥንቱን ሰብሮ ወደ ሥጋ የወጣ ከሆነ ከዚያ ለስላሳ ክፍል፣ ከዳርቻው አቅራቢያ። መሃሉ ብዙ ጊዜ የሞተ ነው። ከኮድማን ማዕዘን የተወሰደ ናሙና የሰውነቱን ምላሽ እንጂ ዕጢውን አያሳይም። አጥንቱን መብሳት ግድ ከሆነ ቀዳዳው ክብ ይሁን፤ ማዕዘን ያለው ቀዳዳ ላይ አጥንቱ በቀላሉ ይሰበራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ባዮፕሲ አለመውሰድ ነው። በትንሽ ምክንያት የተሰበረ የጭን አጥንት መጣ፣ ራጁ ላይ ጥቁር ጉድጓድ አለ፣ «ካንሰር ተሰራጭቶበት ነው» ተብሎ በመቅኒው ውስጥ ረጅም ብረት ገባ። ኋላ ከአጥንቱ ከራሱ የተነሣ ሳርኮማ ሆኖ ሲገኝ ብረቱ ዕጢውን ከዳር እስከ ዳር ዘርቶታል። ሌላ ካንሰር እንዳለበት አስቀድሞ ያልተረጋገጠ ሰው አጥንቱ ላይ አንድ ብቻ ጉድጓድ ካለው፣ ብረት ከመግባቱ በፊት ስላይድ መታየት አለበት።

ናሙናው በእጅ ሲገባ ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ መጣል ሌላው ልማድ ነው። ፎርማሊን ባክቴሪያን ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ መለየት) የለም። ቢያንስ አንድ ቁራጭ በንጹሕ ሳላይን ለካልቸርና ጂን ኤክስፐርት ለተባለው የቲቢ ምርመራ ይለይ። የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ዕጢ የሚመስለውን ለካልቸር፣ ኢንፌክሽን የሚመስለውን ለፓቶሎጂ ላክ የሚሉት በከንቱ አይደለም። የዩዊንግ ሳርኮማ የሞተ ክፍሉ ፈሳሽ ሆኖ በመርፌ ሲወጣ መግል ይመስላል፤ «መግል ነው» ተብሎ የተደፋ ዕጢ ብዙ ነው።

አሲዱ

አጥንት እንደሌላው ሥጋ በቀጥታ በሰም ተይዞ አይከተፍም። መጀመሪያ ዲካልሲፊኬሽን፣ ማለትም ካልሲየሙን በኬሚካል አውጥቶ ማለስለስ ያስፈልጋል። ጥሩ ናሙና የሚበላሸውም እዚህ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ሁልጊዜ ችኮላ ነው።

ፎርማሊኑ ይቅደም። ከፋብሪካ የሚመጣው ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ነው፤ ከእሱ 100 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር፣ ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 4 ግራም፣ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 6.5 ግራም ሲቀላቀል 10 በመቶ የሚባለው ፎርማሊን ይወጣል። ጨዎቹ ሲቀሩ ፈሳሹ አሲዳማ ይሆንና ጥቁር ቡናማ ቅንጣት ስላይዱ ላይ ይረጫል። መጠኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ፣ ቢቻል 20 እጥፍ ይሁን። ትልቅ አጥንት ከሆነ በመጋዝ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስስ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ከዚያ በሚፈስ ውሃ ሥር በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት። የመጋዙ ዱቄት ካልታጠበ ሥጋው ውስጥ ተጨቁኖ፣ ኋላ በማይክሮስኮፕ «ዕጢው የሠራው አጥንት» መስሎ ይታያል። በፎርማሊን ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይቆይ ወደ አሲድ የገባ ናሙና የሴሎቹ መልክ ይጠፋል።

ምርጫው ሦስት ነው። 5 በመቶ ናይትሪክ አሲድ በሰዓታት ይጨርሳል፤ ጥቂት ከቆየ ግን ኒውክለሱ ቀለም መያዝ ያቆምና ሁሉም ነገር ሮዝ ይሆናል፣ ዲኤንኤውም ይፈራርሳል። ከ5 እስከ 10 በመቶ ፎርሚክ አሲድ በቀናት የሚሠራ፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚበጅ ነው። 14 በመቶ ኢዲቲኤ፣ ፒኤች ከ7 እስከ 7.4፣ ዘገምተኛ ቢሆንም ሴሉንም ዲኤንኤውንም ያቆያል፤ ለቀጭን የመርፌ ናሙና አንድ ሁለት ቀን፣ ለወፍራም ቁራጭ ሳምንታት። ለጂን ምርመራ የሚታሰብ ነገር ናይትሪክ አሲድ አይንካው።

ጣጣ የሚያሳጥር አንድ ዘዴ አለ። ከማንኛውም የአጥንት ናሙና ውስጥ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰጥ ለስላሳ ቁራጭ አይጠፋም። እሱን ለይታችሁ ምንም አሲድ ሳይነካው እንደ ተራ ሥጋ በሌላ ካሴት (የናሙና መያዣ) አሳልፉት፤ ብዙውን ጊዜ ምርመራው የሚገኘው ከዚያ ነው፣ የተረፈውም ለተጨማሪ ማቅለሚያ ይሆናል።

ማለቁን በመርፌ እየወጉ መፈተሽ ናሙናውን ይቀድደዋል። ራጅ ማንሣት ከሁሉ ይሻላል። ካልሆነ ያገለገለውን አሲድ 5 ሚሊ ሊትር ወስዶ በአሞኒያ ማለዘብ፣ እኩል አሞኒየም ኦክሳሌት መጨመርና 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከደፈረሰ ካልሲየም ገና እየወጣ ነው፤ አሲዱን ቀይሩና በማግስቱ ድገሙ።

ተመሳሳዮቹ

በስላይድ ላይ ከሚያሳስቱት መጀመሪያ የሚመጣው የስብራት ጠገን ነው። ከተሰበረ ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት ላይ ያለ ጠገን ሴሎቹ የተጨናነቁ፣ ክፍፍላቸው የበዛ፣ አጥንቱ የተዘበራረቀ ነው። ስብራት እንደነበረ ያልተነገረው ሰው ኦስቲዮሳርኮማ ቢል አይፈረድበትም። የሚለያቸው ሴሎቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው፣ ክፍፍሉ ጤናማ መልክ ያለው መሆኑና በየአጥንቱ ዘንግ ጠርዝ ኦስቲዮብላስቶች (አጥንት ሠሪ ሴሎች) ተሰልፈው መታየታቸው ነው። የኦስቲዮሳርኮማ ሴል ሰልፍ አያውቅም፤ በራሱ የሠራው ሮዝ ኦስቲዮይድ (ገና ያልጠጠረ አጥንት) ውስጥ የተዛባ ኒውክለስ ይዞ ተቀብሮ ይገኛል።

የዚህ የቅርብ ዘመድ ማዮሳይቲስ ኦሲፊካንስ ነው፤ ጡንቻ ከተመታ በኋላ ውስጡ አጥንት ይሠራል። ኳስ ሲጫወት ጭኑን የተመታ ወይም ክርኑ የወለቀበት ወጣት ወጌሻ ጋ ሄዶ በተደጋጋሚ ሲታሽ ጉዳቱ ይደጋገምና አጥንቱ ይብስበታል። ወጌሻን በጅምላ ለመውቀስ አይደለም፤ ትኩስ የክርን ጉዳትን ግን ማሸት ጉዳት ነው። በራጅ ላይ አጥንቱ የሚታየው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ የሚታየውም ከዳር ወደ መሃል ነው። ዳሩ የበሰለ ቅርፊት፣ መሃሉ ጥሬ። ኦስቲዮሳርኮማ ተቃራኒው ነው፤ የጠጠረው መሃሉ፣ ጥሬው ዳሩ። ከመሃል ብቻ የተቆነጠረ ናሙና ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ ጉዳት መድረሱ ከታወቀና አጥንቱ ራሱ ካልተበላ፣ ባዮፕሲውን ትቶ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ራጁን መድገም የተሻለ ምርመራ ነው። በሌላ በኩል «ኳስ መታኝ» የሚል ታሪክ የኦስቲዮሳርኮማ ልጆችም የሚናገሩት ነው። ምቱ እብጠቱን አስተዋወቀው እንጂ አልፈጠረውም። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ የማይቀንስ እብጠት ያለበት ልጅ ከመታሸቱ በፊት ራጅ ይነሣ።

ቀጥሎ ትልልቅ ሴሎች ናቸው። ስላይዱ በሙሉ ብዙ ኒውክለስ ባላቸው ግዙፍ ሴሎች ሲሞላ «ጃይንት ሴል ቱሞር» የሚለው ስም ምላስ ላይ ይመጣል። የሚገርመው የዚያ ዕጢ እውነተኛ ዕጢ ሴል ግዙፉ አይደለም፤ በመካከል ያለው ባለ አንድ ኒውክለስ ሴል ነው። እሱ ነው የኤች 3.3 ሂስቶን ጂን ላይ ጂ34ደብሊው የተባለውን ለውጥ የሚሸከመው። ግዙፎቹ ተጠርተው የመጡ አጥንት በሎች ናቸው። እነዚሁ አጥንት በሎች ኮንድሮብላስቶማ ውስጥም፣ አኒውሪዝማል ቦን ሲስት ውስጥም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንገት ውስጥ የሚመነጨው የፓራታይሮይድ ሆርሞን በበዛበት ሰው አጥንት ውስጥ ይሞላሉ። የመጨረሻው በስላይድ ብቻ ከጃይንት ሴል ቱሞር አይለይም፤ ሕክምናው ግን አንገት ላይ እንጂ ጉልበት ላይ አይደለም። የደም ካልሲየም፣ ፎስፌትና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ሳይለካ፣ በተለይ ጉድጓዶቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሲሆን፣ ጃይንት ሴል ቱሞር ብሎ መፈረም አያስኬድም። ዴኖሱማብ የተባለውን መድኃኒት የወሰደ ታካሚ ከሆነም ይነገረን። መድኃኒቱ ግዙፎቹን ሴሎች አጥፍቶ አዲስ አጥንት ያሠራል፤ ያልተነገረው ፓቶሎጂስት ያንን ኦስቲዮሳርኮማ ሊለው ይችላል።

በደም የተሞላ ጉድጓድም እንዲሁ ነው። አኒውሪዝማል ቦን ሲስትና ደም የሚሞላው የኦስቲዮሳርኮማ ዓይነት በኤምአርአይ ሁለቱም ፈሳሽ በፈሳሽ ላይ የተደራረበበት መስመር ያሳያሉ። ከኦፕራሲዮኑ ክፍል የሚመጣው አብዛኛው ደም ስለሆነ ደሙ ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ስስ ግድግዳ ለቅማችሁ በሙሉ አሳልፉ። የተዛባ ሴል የሚገኘው በግድግዳዎቹ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ትንንሽ፣ ክብ፣ ሰማያዊ ሴሎች ናቸው። ጄምስ ዩዊንግ እ.ኤ.አ. በ1921 የገለጸው ዕጢ ትኩሳት ያመጣል፣ የደም ኢኤስአርን (የመቆጣት መለኪያ) ከፍ ያደርጋል፣ ራጅ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ ሽፋን ያሳያል። ሥር የሰደደ የአጥንት መመርቀዝም ይህንኑ ሁሉ ያደርጋል። የዩዊንግ ሳርኮማ በአፍሪካውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ እጅግ ያነሰ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ እዚህ መመርቀዝን ማስቀደም ተገቢ ነው፤ መርሳት ግን አይደለም። ሲዲ99 የተባለው ማቅለሚያ የሴሉን ጠርዝ በሙሉ ሲያጠቁር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሊምፎብላስቲክ ሊምፎማም ያጠቁረዋል፤ ቲዲቲ የተባለው ሌላ ማቅለሚያ ካልተጨመረ ሊምፎማውን በዩዊንግ ስም ማከም ይመጣል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይ ደግሞ ኒውሮብላስቶማ፣ ብዙ ጊዜ ከሆድ የሚነሣው የልጆች ካንሰር፣ ይታሰብ፣ ሆዱ በአልትራሳውንድ ይታይ። ማረጋገጫው የኢደብልዩኤስአር1 ጂን መሰበሩን ማየት ነው፤ ያም አሲድ ያላቃጠለው ሰም ይፈልጋል።

ኦስቲዮሳርኮማው ተረጋግጦ ለ10 ሳምንት ያህል ኬሞቴራፒ ተሰጥቶ የተቆረጠው አጥንት ሲመጣ ሌላ ሥራ ይጠብቃል። ዕጢው በሰፋበት አቅጣጫ አንድ ሙሉ ስስ ቁራጭ በመጋዝ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ፎቶው ላይ ፍርግርግ ይሠመራል፣ እያንዳንዱ ካሬ ቁጥር ተሰጥቶት በካሴት ያልፋል። ከዕጢው ስንት በመቶ እንደሞተ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። 90 በመቶና ከዚያ በላይ ጥሩ ምላሽ ይባላል። ለስላሳውን ቦታ ብቻ መርጦ አራት ብሎክ (በሰም የተያዘ ናሙና) ያሳለፈ ሰው የሚጽፈው በመቶኛ ግምት ነው፤ እንደ ልኬት አይቆጠር።

መገጣጠሚያና ለስላሳ ሥጋ

ሪህ በእኛ አፍ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ስም ሆኗል። ዩሪክ አሲድ የሚያመጣውን እውነተኛውን ሪህ የሚያረጋግጠው መርፌ የመሰለ ክሪስታሉ ነው፤ ክሪስታሉ ደግሞ ውሃ ባለበት ፎርማሊን ይሟሟል። ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ከእጅ ወይም ከእግር ጣት ከወጣ ግማሹን በንጹሕ አልኮል ላኩ። በፖላራይዝድ ብርሃን፣ ከማካካሻው መስመር ጋር ትይዩ ሲሆን ቢጫ ከሆነ ሪህ ነው፤ ሰማያዊና አጭር ባለ አራት ጎን ከሆነ የካልሲየም ፓይሮፎስፌት ነው። ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፤ በግዙፍ ሴሎች የተከበበ፣ የመርፌ ቅርጽ ባዶ ቦታ ያለው ሐመር ሮዝ ቦታ ይቀራል።

የመገጣጠሚያ ቲቢ ናሙና ላይ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ በዚል ኒልሰን ማቅለሚያ አለመታየቱ ቲቢን አያስቀርም። የጉልበት ውስጠኛ ሽፋን ቡናማና ጸጉራም ሆኖ ከመጣ፣ ውስጡም የብረት ቀለምና ግዙፍ ሴሎች ካሉት ቴኖሳይኖቪያል ጃይንት ሴል ቱሞር ነው፤ በደም የሚሰራጭ ካንሰር አይደለም፣ ሁሉም ካልተነሣ ግን ይመለሳል። ለዓመታት ያበጠ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ጥቁር ወይም ነጭ ፍሬ የሚያወጣ እግር በሳርኮማ ስም ሲላክ፣ ፍሬውን ፈልጉ፤ ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ የሚያመጣው ማይሴቶማ በአገራችን እንግዳ አይደለም።

ለስላሳ ሥጋ ላይ ያለ እብጠት አብዛኛው ሊፖማ (ካንሰር ያልሆነ የስብ ዕጢ) ነውና ፍርሃት አይገባም። ከ5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ከጡንቻ ሽፋን በታች ጠልቆ ከሆነ፣ ወይም እያደገ ከሆነ ግን ሳይመረመር «ልንቀለው» ብሎ መግባት የተከለከለ ይሁን። ጭን ውስጥ የጠለቀ ትልቅ የስብ እብጠት ኤምዲኤም2 የተባለው ጂን ሳይታይ ሊፖማ አይባልም። በተቃራኒው በወጣት ክንድ ላይ በሁለት ሦስት ሳምንት የወጣች፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰች፣ ክፍፍል የሞላባት እብጠት ካንሰር ያልሆነው ኖድዩላር ፋሲያይቲስ ልትሆን ትችላለች። ፍጥነቷ ራሱ ፍንጭ ነው፤ ሳርኮማ ተብላ ክንድ ካስቆረጠች ጥፋቱ ስላይዱን ያነበበው ሰው ነው።

ሳርኮማ መሆኑ ከታወቀ ደረጃው በፈረንሳዮቹ መንገድ ይሰላል፤ የሴሉ መልክ ከ1 እስከ 3፣ ክፍፍሉ ከ1 እስከ 3፣ የሞተው ክፍል ከ0 እስከ 2። ድምሩ 2 ወይም 3 ከሆነ ደረጃ 1፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ደረጃ 2፣ ከ6 እስከ 8 ከሆነ ደረጃ 3። የክፍፍሉ ቆጠራ «10 ሜዳ» ሲል የታሰበው 1.7 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የማይክሮስኮፓችሁ ሜዳ ዲያሜትር 0.55 ሚሊ ሜትር ከሆነ 7 ሜዳ ይበቃል፤ 10 የቆጠረ ሰው ሳያስበው ዕጢውን ወደ ላይ ይገፋል።

የተላከው ሥጋና ራጁ ካልተስማሙ ደግሞ «ከራጁ ጋር አይሄድም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ከየት በኩል እንደገና እንደሚወሰድ፣ የትኛው ብሎክ አሲድ እንዳልነካው፣ ምን ያህል ሥጋ እንደተረፈ በሪፖርቱ ይግባ። ታካሚው ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር ሪፈር ሲጻፍለት ብሎኮቹ አብረውት ይሂዱ፤ ወረቀቱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው እዚያም ሌላ ባዮፕሲ ይወሰድበታል።